የግግ ሒሳብ፦ ልጆቻችን በጥርሳቸው የከፈሉት



በዚህ ዓመት የማኅበራችንን የቆዩ መዝገቦች ወደ አዲስ ደብተር ስንገለብጥ ከርመናል። ሒሳብ የምንይዘው አባላት፣ እንደምታውቁት፣ አንዲት መስመር ሳናይ አናልፍም። የ1996 ዓ.ም. ገጽ ላይ ስንደርስ ግን ሦስት መስመሮች እጃችንን አስቆሙት። የመጀመሪያው «ለልጅ ግግ ማስወጫ፣ ብር 15» ይላል። ከአራት ቀን በኋላ በዚያችው እናት ስም «ለልጅ ሕክምና፣ ባሕር ዳር፣ ብር 200» ተብሎ ተጽፏል። ሦስተኛው መስመር በቀይ እስክሪብቶ ነው፦ «በኀዘን ምክንያት ዕዳው ተሰርዟል።»

እናትየዋ ዛሬም ከእኛ ጋር ናት። መዝገቡን ይዘን ቤቷ ሄድን። ቡና አፍልታ አስቀመጠችን፤ ስናነብላትም ዝም ብላ ሰማችን። ስሟ ሳይጠቀስ ብንጽፈው ትፈቅድ እንደሆነ ጠየቅናት። «ጻፉት» አለችን፤ «ያን ጊዜ እኔ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው።» ይህ ጽሑፍ ከዚያች ቃል የተነሣ ነው።

ስለ አካባቢያችን ታሪክ ሲነሣ ወሬው ሁሉ ወደ ፏፏቴው ይሄዳል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 መጥቶ እንዳየው፣ የድንጋዩ ድልድይ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እንደተሠራ፣ የመጀመሪያው የመብራት ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ እንደጀመረ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እንናገራለን። በየቤታችን፣ በልጆቻችን አፍ ውስጥ ስላለፈው ነገር ግን ተቀምጠን ያወራንበት ጊዜ የለም። ይህም ታሪካችን ነው።

ግግ የሚባለውን ከእኛ መካከል ያልሰማ የለም። ወጣቶቹ ግን ስሙን እንጂ ነገሩን ስላላዩ ከመነሻው እንጀምር። ሕፃኑ አምስት ስድስት ወር ሲሆነው፣ አንዳንዴም ዓመት ሲጠጋ፣ ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ትኩሳት ይይዘዋል፣ ጡት እንቢ ይላል። ጎረቤት ትመጣና ጣቷን ወደ አፉ አስገብታ ድዱን ትዳብሳለች። ክራንቻ ጥርስ በሚበቅልበት ቦታ ላይ አበጥ፣ ነጣ ያለ ነገር ታገኛለች። «ግግ ነው፤ ካልወጣ ይገድለዋል» ትላለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ታላላቆቻችን ያውቁታል። ልጁ ጭን ላይ ተጋድሞ ይያዛል። ድዱ በወስፌ፣ በሚስማር ወይም በምላጭ ይቀደዳል። ከውስጥ ነጭ፣ ለስለስ ያለ ነገር ተቆፍሮ ይወጣል። የወጣው መዳፍ ላይ ተደርጎ ለእናት ይታያል፦ «ይኸው ትሉ!»

እናት በዓይኗ ያየችውን ታምናለች። ያ ነጭ ነገር ግን ትል አይደለም፤ የልጁ የገዛ ጥርስ ነው፤ ገና ያልጠነከረ የወተት ጥርስ። የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። መሠራት የሚጀምሩትም ልጁ ገና በማሕፀን ሳለ ነው። የፊት ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ገደማ ብቅ ማለት ይጀምራሉ፤ የላይኞቹ ክራንቻዎች ግን ከ16 እስከ 22 ወር ድረስ ይቆያሉ። እስከዚያው በመንጋጋው አጥንት ውስጥ፣ ከድድ ሥር፣ እንደ እንቡጥ ተቀምጠው እየጠነከሩ ይሄዳሉ። ስለዚህ በስድስት ወር ልጅ ድድ ላይ በክራንቻው ቦታ አበጥ ያለ ነገር መኖሩ ደንበኛ ተፈጥሮ ነው። በደህናውም ልጅ አፍ ውስጥ አለ። ደህናውን ልጅ ግን ማንም ገብቶ አይዳብሰውም።

እኛ ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች አዘውትረን የምናገኘው አንድ ስህተት አለ። ገንዘቡ በእርግጥ ወጥቷል፣ ደረሰኙም እውነተኛ ነው፤ የተመዘገበው ግን በማይመለከተው ርዕስ ሥር ነው። የግግ ነገርም እንዲሁ ነው። ሕመሙ እውነት ነው። ተቅማጡም ትኩሳቱም እውነት ነው። የተጻፈው ግን በጥርስ ስም ነው። ልጅ ስድስት ወር ሲሞላው ከጡት ሌላ አጥሚት ይጀምራል፤ ውኃ ይቀምሳል። መዳህ ይጀምራል፤ ከመሬት ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ከእናቱ ይዞት የተወለደው የበሽታ መከላከያም በነዚያው ወራት እየቀነሰ ይሄዳል። ጥርስም የሚመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ሁለቱ በአንድ ወቅት ስለተገናኙ አንዱ ሌላውን ያመጣው መሰለን።

ሌላም ነገር አለ። አብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይቆማል። ግግ የወጣለት ልጅ ሲድን «ግግ ወጥቶለት ዳነ» እንላለን። ሲሞት ደግሞ «ሳይወጣለት ዘግይቶ ነው» እንላለን። እንዲህ የሚያዝ መዝገብ ሁልጊዜ ይታረቃል፤ ጉድለት አይታይበትም። እናቶቻችን ሞኞች ስለነበሩ አይደለም ያመኑት። መዝገቡ ስህተቱን የሚያሳይበት ቦታ ስላልነበረው ነው።

ይህ ስህተት የእኛ ብቻ አለመሆኑንም ማወቅ ይገባናል። ጥርስን የሚያሳምም ትል አለ የሚለው እምነት ከባቢሎን ዘመን በቆየ የሸክላ ጽሑፍ ላይ ሳይቀር ይገኛል። በዚያ ጽሑፍ ላይ ትሉ በጥርስና በድድ መካከል ለመኖር አምላኩን ሲለምን ይታያል። እምነቱ በብዙ አገሮች ለረጅም ዘመን ቆየ። የዘመናዊ ጥርስ ሕክምና አባት የሚባለው ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በማጉያ መሣሪያ ተመልክቶ ትል አለማግኘቱን ጻፈ።

የሕፃናትን ድድ መቅደድም ቢሆን በአውሮፓ የተማሩ ሐኪሞች ሥራ ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ስመ ጥሩ የፈረንሳይ ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ፣ የአንድ መስፍን የስምንት ወር ልጅ ሞቶ አስከሬኑን እንዲያይ ተጠራ። ድዱን ቢቀደው ጥርሶቹ ለመውጣት ተዘጋጅተው አገኛቸው። ቀድሞ ተቀዶ ቢሆን ኖሮ ልጁ በዳነ ነበር ብሎም ደመደመ። ከእርሱ በኋላ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል የአውሮፓ ሐኪሞች የታመመ ሕፃን ሲመጣላቸው ድዱን በስለት ይቀዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 በእንግሊዝና በዌልስ «በጥርስ ማብቀል» ሞቱ ተብለው በመንግሥት መዝገብ የሰፈሩት 5,016 ናቸው። እነርሱም እውነተኛውን ሞት በተሳሳተ ርዕስ ሥር ይመዘግቡ ነበር ማለት ነው።

ስለት ሲቀር ዱቄት ተተካ። ሜርኩሪ ያለበት «የጥርስ ማብቀያ» ዱቄት በየመድኃኒት ቤቱ ይሸጥ ነበር። ብዙ ሕፃናትም በዚያ ዱቄት ተመርዘዋል። በእንግሊዝ አገር ከገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በዚያው ዓመት እኛም አገር የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ለገጠሩ ሕዝብ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። እነሱ የሠለጠኑ ናቸው፣ እኛ ኋላ ቀር ነን የሚል ወሬ ስትሰሙ ይህን ዓመት አስታውሱ። ልዩነቱ የአእምሮ አይደለም። እነሱ ንጹሕ ውኃና የጤና ባለሙያ ቀደም ብለው አገኙ፤ እኛ ዘግይተን አገኘን።

ጎረቤቶቻችንም የገዛ ስማቸውን ሰጥተውታል። በሱዳን ሐይፋት ይሉታል፤ በኡጋንዳ ኤቢኖ፤ በታንዛኒያ «የናይሎን ጥርስ»። እ.ኤ.አ. በ1969 የዴንማርኩ የአፍ በሽታዎች ሊቅ የንስ ፒንድቦርግ በኡጋንዳ ያየውን አጥንቶ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ጥናት ተደርጓል። በአዲስ አበባ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1993 ታትሟል። በርዕሱ ላይ «ገዳይ ክራንቻ» የሚል ቃል አለበት፤ ወላጆች ጥርሱን እንዴት እንደሚያዩት ያሳያል።

ለእኛ ቅርብ የሚሆነው ግን በእስራኤል አገር የተደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰዱ። ብዙዎቹ ከጎንደርና ከአካባቢው፣ ከጣና ወዲያ ማዶ የሄዱ የእኛው ጎረቤቶች ናቸው። እዚያ ያሉ የልጆች የጥርስ ሐኪሞች የልጆቹን አፍ ሲከፍቱ የክራንቻው ቦታ ባዶ ሆኖ አገኙት። ያዩትንም አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1994 አሳተሙ። እንግዲህ በገጠር ቤት ውስጥ፣ ጭን ላይ የተደረገ ነገር ባሕር ተሻግሮ በሐኪም መብራት ሥር ታየ። ልጆቹ ግን በአራስነታቸው የሆነባቸውን አያስታውሱም። የሚያስታውስ መንጋጋቸው ነው።

መንጋጋ የሚያስታውሰው ምን እንደሆነ ጥናቶቹ ይስማሙበታል። የወተት ክራንቻው ተቆፍሮ ሲወጣ ከሥሩና ከጎኑ ያለው ቋሚ ጥርስ እንቡጥ አብሮ ይነካል። ስለዚህ ልጁ ከፍ ሲል የሚመጣው ጥርስ እንከን ያለበት፣ ጠማማ፣ ወይም ከቦታው የወጣ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም ጨርሶ አይመጣም። የወተት ጥርስ ለቋሚው ቦታ ጠባቂ ነው፤ ጠባቂው ሲጠፋ ሌሎቹ ወደ ባዶው ቦታ ይጠጋሉ፤ የላይና የታች መንጋጋም በደንብ አይገጥሙም። ይህ እንግዲህ ለዳነው ልጅ ነው። ባልዳነው ላይ የሚደርሰው ደም መፍሰስ፣ ቁስሉ ማመርቀዝ፣ መርዙ ወደ ደም መግባት ነው። ባልተቀቀለ ስለት ደግሞ መንጋጋ ቆልፍ ይመጣል። ከልጅ ወደ ልጅ በሚዞር ስለት የኤች አይ ቪ ቫይረስም ሊተላለፍ ይችላል። በተቅማጥ የደከመ ሕፃን ላይ ጥቂት ደም እንኳ ብዙ ነው።

አገራችን ይህን ለማስቀረት ምን ሠራች? እ.ኤ.አ. በ1984 በሴኔጋል ዳካር ከተማ የአፍሪካ ሴቶች ጎጂ ልማዶችን ለማስቀረት የአፍሪካ አገሮች የጋራ ኮሚቴ አቋቋሙ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ ሆነ፤ ለብዙ ዓመታት የመሩትም ኢትዮጵያዊቷ ወይዘሮ ብርሃኔ ራስወርቅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ኮሚቴ ተመሠረተ። ይኸው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1997 በመላ አገሪቱ ጥናት አካሄደ። ጥናቱ ከሴት ልጅ ግርዛትና ካለዕድሜ ጋብቻ ጋር እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትንም አየ። ያኔ ነው ግግ የእያንዳንዷ እናት የጓዳ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ በአገር ጉዳይነት የተጻፈው።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ሠልጥነው በየቤቱ መዞር ያዙ። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 561 እና 562 ሕፃናትን በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት መግደልንና መጉዳትን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ ደነገገ። በ2006 ዓ.ም. ዋነኛውን የሕፃናት ተቅማጥ አምጪ የሚከላከለው የሮታ ክትባት በአገራችን መሰጠት ጀመረ። የእናቶችና የአራስ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍም እ.ኤ.አ. በ2017 በአገራችን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን እንደወጣ ተረጋገጠ። የእኛ ሦስት መስመሮች የተጻፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። ፕሮግራሙ ገና እኛ ዘንድ ሳይደርስ፣ ሕጉም ሥራ ላይ ሳይውል ማለት ነው።

ሕጉ ጥሩ ነው። ነገር ግን በሰፈራችን ያየነውን መደበቅ አይገባንም። ሕጉ ከመጣ በኋላ በቀን ይደረግ የነበረው ወደ ማታ ዞረ። የተጎዳ ልጅ ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድ እናት «ወድቆ ነው» ማለት ጀመረች። ፍርሃት ስለቱን አላስቀረውም፤ ወሬውን ብቻ ዝቅ አደረገው። ታዲያ ስለቱን ያስቀረው ምንድን ነው? ይህን ለመጠየቅ በአካባቢያችን ለብዙ ዓመታት ግግ ያወጡ ወደነበሩ እናት ሄድን።

እማማ ዕድሜያቸው ገፍቷል። በመጀመሪያ «ልትከሱኝ ነው?» አሉን። ለማኅበሩ ጽሑፍ መሆኑን ስንነግራቸው ወንበር አስመጡልን።

«እኔ ክፉ አስቤ አላውቅም» አሉን። «ከእናቴ ነው የተማርሁት። የምትመጣብኝ ሴት ሁሉ እያለቀሰች ነው የምትመጣ። ሐኪም ቤት ሩቅ ነው፣ ሌሊት ነው፣ ባሏም መንገድ ሄዷል። ባዶ እጇን እንዴት ልመልሳት?»

ለምን እንደተዉት ጠየቅናቸው። ሕጉን ፈርተው እንደሆነ ነበር የገመትነው።

«የልጅ ልጄ ታመመች» አሉ። «እኔ ወስፌውን አውጥቼ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ደረሰችብኝ። አልጮኸችብኝም። ‹እማማ፣ ሁለት ቀን ብቻ ስጡኝ› አለችኝ። በጥብጣ በማንኪያ እያጠጣች ሁለት ቀን ተመላለሰች። ልጅቱ ዳነች፤ ግግዋም እዚያው አፏ ውስጥ አለ። ኋላ ጥርስ ሆኖ ወጣ። እንግዲያ እስከ ዛሬ ያወጣሁት ምን ነበር አልሁ።» ከዚያ ዝም አሉ። እኛም የምንለው አልነበረንም።

ያች ልጅ የበጠበጠችው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የምንለውን ነው። የእሱም ታሪክ ለእናቶች መታወቅ አለበት። ጨውና ስኳር በትክክለኛ መጠን በውኃ ሲበጠበጥ በተቅማጥ የተጎዳ አንጀት ውኃውን እንዲወስድ እንደሚረዳው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዳካና በካልካታ ተመራማሪዎች አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1971 የባንግላዴሽ ስደተኞች በሰፈሩበት ካምፕ ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባሉ ሕንዳዊ ሐኪም ዱቄቱ በበርሜል እንዲበጠበጥ አደረጉ፤ ቤተሰቦች ራሳቸው ሕሙማኖቻቸውን በኩባያ እንዲያጠጡም አዘዙ። ከ100 ታማሚ 30 ያህሉ ይሞት የነበረው ወደ 3.6 ወረደ። ያጠጡት ነርሶች ብቻ አልነበሩም፤ እናቶች፣ እኅቶችና አክስቶች ነበሩ።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ለወሬ ሳይሆን ለሥራ ስለሆነ፣ ዋና ዋናውን እዚህ እናስቀምጥ። ልጅ ሲያስቀምጠው ጡት አይከልከል፤ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ይጥባ። አንድ ፓኬት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጥበጥና በማንኪያ ቀስ እየተባለ ይሰጠው። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥ። ከጤና ኬላ የሚሰጠው የዚንክ እንክብል ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን እንደታዘዘው ይጨረስ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ ሁሉን ካስመለሰ፣ ሰገራው ላይ ደም ከታየ፣ ወይም ከደከመና ከፈዘዘ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጥርስ የሚያበቅል ልጅ ድዱ ሊያሳክከው ይችላል፤ በታጠበ እጅ ወይም በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ማሸት ይበቃዋል። ጥርሱ ብቅ ካለ ጀምሮም ይጽዳለት።

አንዲት እናት ግግ አስወጥታ ከሆነና ልጁ ደም ካላቆመ፣ መንጋጋው ካበጠ ወይም አፉን መክፈት ካቃተው፣ ለሐኪሙ እውነቱን ትንገር። «ወድቆ ነው» የሚለው ቃል ልጁን ከተገቢው ሕክምና ያዘገየዋል። ከመካከላችን እንዲህ የሚገጥማት ብትኖር ብቻዋን አትሂድ፤ ሁለት ሆነን አብረን እንሄዳለን።

አሁን ወደ መዝገባችን እንመለስ። ስለ ግግ ስንጽፍ ጎረቤትን፣ አውጪዋን፣ ድህነትን መውቀስ ይቀላል። ነገር ግን መዝገቡ ላይ ያለው ፊርማ የማኅበራችን ነው። ያን 15 ብር ያበደርነው እኛ ነን። የዚያን ጊዜ ኮሚቴ በደግ ልብ አበደረ፤ የሞተውን ልጅ ኀዘንም በደግ ልብ ተካፈለ፤ ዕዳውንም ሰረዘ። ብሩ ተሰረዘ እንጂ ሌላው ዕዳ አልተሰረዘም። እርሱ እኛ ላይ እንዳለ ነው።

አንድ ነገርም አስተዋልን። የ15 ብሩ ብድር የተሰጠው በዚያው ቀን፣ በሰብሳቢዋ ፊርማ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ። ለባሕር ዳሩ 200 ብር ግን የሦስት ኮሚቴ አባላት ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ ሦስቱን ለማግኘት አንድ ሙሉ ቀን ማለፉን መዝገቡ ያሳያል። ባሕር ዳር ከእኛ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሩቅ አልነበረም፤ ፊርማው ራቀ። ደንቡ ዛሬም እንደዚያው ነው። ወደ ስህተቱ የሚወስደው በር ክፍት፣ ወደ ሐኪሙ የሚወስደው በር ሦስት ቁልፍ ያለው ነው።

ስለዚህ ሒሳብ የምንይዘው አባላት ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሕመም የሚጠየቅ ድንገተኛ ብድር በአንዲት ኮሚቴ አባል ፊርማ፣ በተጠየቀበት ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን ይሰጥ፤ ሌሎቹ ፊርማዎች በኋላ ይሟሉ። ሁለተኛ፣ በየመንደራችን በአንዲት አባል ቤት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይቀመጥ፤ ወጪው ከማኅበራዊ መዋጮው ይሸፈን፤ የማለፊያ ቀኑንም እኛ እንቆጣጠራለን። ሦስተኛ፣ እማማ ፈቃደኛ ናቸውና ለወጣት እናቶች የሆነውን በአፋቸው እንዲነግሩ እንጋብዛቸው። ከእኛ ጽሑፍ ይልቅ የእርሳቸው ቃል ይሰማል።

አንዳንዶቻችሁ «የድሮ ነገር ለምን ይነካል?» ትሉ ይሆናል። መዝገቡን ስናነብላት እናትየዋ የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ወደ አዲሱ ደብተር ስንገለብጥ እነዚያን ሦስት መስመሮች እንዳንዘላቸው ለመነችን። የተዘጋ ሒሳብ ስለሆነ መዝለል ይቻል ነበር። አልዘለልናቸውም። በአዲሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በዚያው ቃል፣ በዚያው ቀይ ቀለም ተጽፈዋል። ብድር ልትጠይቅ የምትመጣ እናት ሁሉ ታያቸዋለች፤ የሚፈርሙትም ያዩአቸዋል።

ልጆቻችንን ከነጥርሳቸው ያሳድግልን። ቸር ያሰንብተን።